አንድ ፋይል ሳይጠፋ ስቶሬጃችንን ለታደገልን ባለሙያ ምስጋና

የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቢሯችንን የጋራ ስቶሬጅ ላስተካከለልን ባለሙያ ምስጋናችንን በአደባባይ ማቅረብ እንወዳለን። እጁ ይባረክ! ስሙ እዚህ እንዳይጻፍ ስለጠየቀን ለሚፈልገው በውስጥ መስመር እንልካለን። ሥራውን ግን በዝርዝር እንጽፋለን፤ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ብቃቱን የሚለካው በዝርዝሩ ነውና።

የነበረው እንዲህ ነው። ሁለት ሰርቨሮች ላይ ግላስተር ኤፍኤስ (የብዙ ሰርቨሮችን ዲስክ እንደ አንድ ስቶሬጅ የሚያሠራ ሶፍትዌር) ተጭኗል፤ ቮልዩሙ (የጋራ ስቶሬጁ) ሬፕሊካ 2 ስለሆነ እያንዳንዱ ፋይል በሁለቱም ላይ ይቀመጣል። ኤዲተሮቹ የሚገቡት በኤንኤፍኤስ ጋኔሻ (ፎልደርን በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮግራም) በኩል ሲሆን ግማሾቹ በአንደኛው ሰርቨር አይፒ፣ ግማሾቹ በሌላኛው ነበር። አንድ ቀን ሁለቱን ስዊቾች የሚያገናኘው ኬብል ተበላሸ። ሰርቨሮቹ መተያየት አቆሙ፣ መጻፍ ግን ሁለቱም ቀጠሉ። በሁለት መካከል አብላጫ ድምፅ ስለሌለ አንዱን «አንተ ቁም» የሚለው አልነበረም። ኬብሉ ሲቀየር 41 ፋይሎች «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» እያሉ አልከፈት አሉ። ሁለቱ ቅጂዎች ተለያይተው ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ግላስተር መወሰን ሲያቅተው፣ ይኸው ነው ስፕሊት-ብሬይን የሚባለው።

ባለሙያው እንደመጣ ምንም ነገር ሪስታርት አላደረገም። መጻፍ አስቆመ፣ የሁለቱንም ሰርቨሮች የግላስተር ኮንፊገሬሽን ፎልደር ኮፒ አደረገ፣ ከዚያ የፒር ስታተስን (ሰርቨሮቹ መተያየታቸውን)፣ የቮልዩም ስታተስንና የሂል ኢንፎ ስፕሊት-ብሬይን ዝርዝርን (የተጋጩትን ፋይሎች) አየ። ግላስተር ለመፍቻ ሦስት መንገድ ይሰጣል፤ ትልቁን ፋይል መምረጥ፣ መጨረሻ የተቀየረውን መምረጥ፣ ወይም አንዱን ብሪክ (ፋይሎቹ በአንዱ ሰርቨር ላይ የሚቀመጡበትን ዲስክ) ምንጭ ማድረግ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን በጅምላ ያስኬዳል። እሱ መጀመሪያ ሰዓቱን አየና የሁለቱ ሰርቨሮች ሰዓት በ4 ደቂቃ እንደሚለያይ አገኘ። ሰዓቱ የማይታመን ከሆነ «መጨረሻ የተቀየረው» የሚለውም አይታመንም። ትልቁን መምረጥም አያዋጣም፤ ኤዲተር ትዕይንት ሲቆርጥ የፕሮጀክት ፋይሉ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የ41ዱንም ፋይሎች ሁለቱንም ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ አወጣ፣ ባለቤቶቹ ከፍተው እንዲመርጡ አደረገ፣ ከዚያም ምንጩን ብሪክ ለእያንዳንዱ ፋይል ለየብቻ ሰጠ። ቀርፋፋ መንገድ ነው፤ ግን የማንም ሥራ አልጠፋም።

ቀጥሎ ወደ ሥሩ ሄደ። ሰዓቱን በክሮኒ (የሰዓት ማመሳሰያ ፕሮግራም) አስተካከለ፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ አርቢተር አድርጎ ቮልዩሙን ወደ ሬፕሊካ 3 አርቢተር 1 ቀየረው። አርቢተር የፋይሉን ይዘት አይዝም፤ ስምና ሜታዳታ (ስለ ፋይሉ የሚገልጽ መረጃ) ብቻ ይዞ ሦስተኛ ድምፅ ይሆናል። ሒሳቡ ለአንድ ፋይል 4 ኪሎባይት ስለሆነ ለ1 ሚሊዮን ፋይል ወደ 4 ጊጋባይት ይበቃል። ብዙዎች የሚስቱትን ግን እሱ አልሳተም፤ ከ1 ቴራባይት በታች በሆነ ዲስክ ላይ ኤክስኤፍኤስ (የዲስኩ ፋይል ሲስተም) ለአይኖድ (የእያንዳንዱ ፋይል መረጃ ለሚቀመጥበት መዝገብ) በነባሪ የሚፈቅደው 25 በመቶውን ብቻ ነው። አርቢተር ላይ ያለው ከሞላ ጎደል አይኖድ ስለሆነ ይህን ወደ 75 ከፍ አደረገው። ያለዚያ ዲስኩ ባዶ ቦታ እያለው «ሞልቷል» ማለቱ አይቀርም።

ሌላም ችግር አገኘ። ቀደም ሲል ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ፋይሎች በቀጥታ ከብሪኩ ውስጥ ተሰርዘው ነበር። ግላስተር ለእያንዳንዱ ፋይል በተደበቀው የራሱ ፎልደር ውስጥ ሃርድ ሊንክ (የዚያኑ ፋይል ሁለተኛ ስም) ይይዛል፤ ከብሪኩ ሲሰረዝ ያ ሊንክ ስለሚቀር ቦታው አይለቀቅም። መሰረዝ ያለበት በማውንቱ (ተጠቃሚዎች በሚገቡበት የጋራ ፎልደር) በኩል ብቻ ነው። የቀሩትን አንድ በአንድ አረጋግጦ አጸዳ።

በኤንኤፍኤሱ በኩል፣ ሰርቨር ሲወድቅ ወደ ሌላው የሚሻገር ተንቀሳቃሽ አይፒ ፔስሜከር በሚባል ፕሮግራም ሠራ። የኤክስፖርት (ለኮምፒውተሮቹ የተከፈተው ፎልደር) መለያ ቁጥሩን በሁለቱም ጋኔሻዎች ላይ አንድ አደረገ፤ ቁጥሩ ከተለያየ አይፒው ሲሻገር ኮምፒውተሮቹ «ስቴል ፋይል ሃንድል» (የያዝኩት የፋይል መለያ አይሠራም) ይላሉ። ሶፍት ማውንት የነበሩትን ሁሉ ሰርቨሩ እስኪመለስ የሚጠብቅ ሃርድ ማውንት አደረጋቸው፤ ሶፍት ማውንት ጊዜው ሲያልፍ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል፣ ፕሮግራሙ ያን በትክክል ካልያዘ ፋይሉ ሳይታወቅ ይበላሻል። የግላስተርን የ42 ሰከንድ ፒንግ ታይምአውት (መልስ የማይሰጥ ሰርቨርን የሚጠብቅበት ጊዜ) ወደ 5 እንዲያወርድልን ለምነነው ነበር። እምቢ አለ፣ ልክ ነበር፤ አጭር ሲሆን በትንሽ የኔትወርክ መንቀጥቀጥ ሁሉ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ መልሶ መገናኘቱም ከባድ ሥራ ነው።

ክፍያውን ከመቀበሉ በፊት ትልቅ ፋይል እየተገለበጠ እያለ የአንዱን ሰርቨር የኃይል ገመድ ነቀለ፣ ሲጨርስ የሌላውን። መገልበጡ ቆም ብሎ ቀጠለ፤ ሁለቱም ጊዜ የቅጂውና የዋናው ቼክሰም (የይዘት ማረጋገጫ ቁጥር) አንድ ነበር። ለኤዲተሮቹም በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ተወላቸው፦ አይፒው ሲሻገር ጋኔሻ ለፋይል መቆለፊያዎች 90 ሰከንድ የእፎይታ ጊዜ ስለሚሰጥ ስክሪኑ ቢቆም ኮምፒውተሩን አታጥፉ፣ ጠብቁ።

ሊጠሩት የምትፈልጉ ጻፉልን። ከመደወላችሁ በፊት የቮልዩሙን ዓይነት፣ የሂል ኢንፎ ውጤቱንና የግላስተርን ቨርዥን አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው። እስኪመጣ ድረስም ብሪኮቹን አትንኩ።