ለሁለት ስኩተሮች የገዛኋቸው ሁለት ኮንትሮለሮች፦ የስምንት ወር ግምገማ

ሁለት የኤሌክትሪክ ስኩተሮች አሉኝ። አሮጌው የኋላ ጎማውን በሰንሰለት የሚያዞር፣ ባለ 24 ቮልት፣ 250 ዋት ባለብራሽ ሞተር ያለው ሲሆን የሌላው ሞተር ደግሞ እዚያው ጎማው ውስጥ የተቀበረ፣ 36 ቮልት እና 350 ዋት የሆነ ብራሽ አልባ ነው። የሁለቱም ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) በተለያየ ጊዜ ተቃጥሎ ምትክ ፍለጋ ገባሁ፤ ለሁለተኛው ስኩተር ስገዛም ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ተሳሳትኩ፤ ቮልቱንና ዋቱን ብቻ አይቼ አዘዝኩ። ዕቃው ደርሶ ሳጥኑን ስከፍተው ለሞተር የተዘጋጁት ወፍራም ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከጎማዬ የሚወጡት ግን ሦስት። ሻጩ ኮንትሮለሩ ለየትኛው ዓይነት ሞተር እንደሆነ አልጻፈም ነበር፤ ልመልስልህ ብለውም አልተቀበለኝም።

የሁለትና የሦስት ሽቦ ልዩነት በመቀጠያ የሚታለፍ አይደለም። ባለብራሽ ሞተር ውስጥ ብራሽ የሚባሉት ካርቦኖች በሚሽከረከረው አካል ላይ እየተፋተጉ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ራሳቸው ስለሚቀያይሩ፣ ኮንትሮለሩ የሚጠበቅበት ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል በፍጥነት እያበራና እያጠፋ መመጠን ብቻ ነው። ብራሽ አልባው ሞተር ይህን የመቀያየር ሥራ ሙሉ በሙሉ ለኮንትሮለሩ ስለተወው፣ ኮንትሮለሩ ቢያንስ ስድስት ትራንዚስተሮች (ኤሌክትሪኩን የሚያበሩና የሚያጠፉ ክፍሎች) ያስፈልጉታል፤ ጎማው በየትኛው ቦታ ላይ እንዳለ ለማወቅም ሞተሩ ውስጥ ካሉት ሦስት የሆል ሴንሰሮች (ማግኔት የሚለዩ ጠቋሚዎች) መረጃ ይቀበላል። ከሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ጋር አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች የሚወጡትም ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ለሴንሰሮቹ የ5 ቮልት ኃይል ያደርሳሉ፣ ሦስቱ ምልክት ይመልሳሉ።

የባለብራሹን ኮንትሮለር ግምገማ ባጭሩ ልጨርሰው፤ ጥሩ ዕቃ ነው። የአሉሚኒየም ሽፋኑ ወፍራም ነው፣ በእያንዳንዱ ሶኬት ላይ የምን እንደሆነ ተጽፏል፣ ገጠማውም ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። መጀመሪያ ጎማው ወደ ኋላ ቢዞርብኝም የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሬ ጨረስኩ። ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው፤ የፍጥነት መስጫ እጀታው ሶኬት ከነባሩ ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ ቆርጦ መቀጠል ግድ ይላል።

ብዙ ያስተማረኝ በመጨረሻ ያገኘሁት የብራሽ አልባው ኮንትሮለር ነው። ቢጫውን ከቢጫ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጋር አገናኝቼ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሆኖም የሽቦ ቀለም በሁሉም አምራች ዘንድ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ጎማውን ከመሬት አንስቼ ስሞክረው ዞሯል፤ ግን እያጉረመረመ ነበር፣ ያለምንም ጭነትም ከባትሪው 6 አምፔር ያህል ይስብ ነበር። ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዞረ ብቻ ተስተካክሏል ብሎ የሚነዳው ሰው ሞተሩንም ኮንትሮለሩንም አብሮ ያቃጥላል። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ሳይነኩ ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ማቀያየር ስድስት አማራጭ ይሰጣል፤ ከስድስቱ አንዱ ብቻ በጸጥታ ያዞራል፤ የቀሩት ይንዘፈዘፋሉ፣ ይቆማሉ፣ ወይም እንደኔው ያታልላሉ። ትክክለኛው ሲገኝ ያለጭነት የሚስበው ወደ 1 አምፔር ወረደ። በእርግጥ ይህ ኮንትሮለር ቅደም ተከተሉን ራሱ እንዲለይ የሚያደርጉ ሁለት ነጭ ሽቦዎች ነበሩት፤ ጎማው በአየር ላይ እንዳለ ይገናኛሉ፣ ኃይል ሲበራ ጎማው ራሱ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ከዞረ ነጥሎ እንደገና ማገናኘት ነው። እኔ ግን ስለ እነዚህ ሽቦዎች ያወቅሁት ስድስቱን በእጄ ከሞከርኩ በኋላ ነው፤ ከሳጥኑ ውስጥ አንዲት የማብራሪያ ወረቀት እንኳ አልነበረችምና።

ሽፋኑ ላይ የተጻፈው "350 ዋት" ብዙም አይረዳም። 350ን ለ36 ብናካፍል 10 አምፔር አይሞላም፤ ከዋቱ በታች በትንሹ የታተመው ከፍተኛ መጠን ግን 15 አምፔር ነው፣ ይህም በ36 ቮልት 540 ዋት ይሆናል። ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ይህን ይችለዋል፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ይግላል። ከሞተሩም በፊት መታየት ያለበት ባትሪው ነው፤ የባትሪው መከላከያ ሰርኪዩት ከ15 አምፔር በታች የሚያቋርጥ ቢሆን ኖሮ ስኩተሩ ዳገቱ መሐል ላይ ድንገት ይጠፋብኝ ነበር።

የቮልቴጁም ጉዳይ ከሽፋኑ ቁጥር በላይ ነው። ይህ ኮንትሮለር ባትሪው ወደ 31.5 ቮልት ሲወርድ ኃይል ያቋርጣል። የእኔ ባትሪ አሥር የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት፣ ሲሞላ 42 ቮልት የሚሆን ስለሆነ፣ ሲቋረጥ ለአንድ ሴል 3.15 ቮልት ይደርሰዋል፤ የማይጎዳ መጠን ነው። ሽፋኑን ከፍቼ ካፓሲተሩ (ኃይል ለአፍታ የሚያከማቸው ክፍል) ላይ የሚችለው ከፍተኛ መጠን 63 ቮልት የሚል ሳነብ ባለ 48 ቮልት ባትሪ ብሰካበትስ የሚል ፈተና መጥቶብኝ ነበር፣ አልደብቅም። ነገር ግን ያኛው ባትሪ አሥራ ሦስት ሴሎች ስላሉት፣ ኮንትሮለሩ የሚያቋርጠው እያንዳንዱ ሴል ወደ 2.4 ቮልት ከወረደ በኋላ ይሆናል፤ ፍጥነት አገኘሁ ሲሉ ባትሪውን መግደል ማለት ነው።

ሽፋኑን መክፈቴ ግን ለሌላ ነገር ጠቅሞኛል። ትራንዚስተሮቹን ከአሉሚኒየሙ ጋር ከሚያጣብቁት ብሎኖች አንዱ ላልቶ አገኘሁት፤ ሙቀት የሚያወጡት በዚያ በኩል ስለሆነ እንደላላ ቢቀር ዕድሜው አጭር ነበር። በካቻቢቴ አጥብቄ መለስኩት። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሼበታለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ ሊታይ የሚገባ ነገር ነው።

የሚያስመሰግነው ነገር ደግሞ ያለሴንሰርም መሥራቱ ነው። በስድስተኛው ወር የሆል ሴንሰሩ ሶኬት ውኃ ገብቶበት ሲበላሽ ነቅዬው ነዳሁ፤ ቆሞ ሲነሳ ይንገጫገጫል፣ በእግር ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ግን ያለችግር ይሄዳል። ሶኬቱን እስክቀይር ድረስ ሁለት ሳምንት እንዲሁ ተጠቅሜበታለሁ።

አሁን ይህንኑ ኮንትሮለር እንደገና ግዛ ብባል እገዛዋለሁ፤ ከመክፈሌ በፊት ግን ሻጩን የምጠይቀው ለሞተር የሚወጡት ሽቦዎች ስንት እንደሆኑ፣ ከፍተኛው አምፔር ስንት እንደሆነና ስንት ቮልት ላይ እንደሚያቋርጥ ነው። መልሶ ያልተቀበለኝ ባለሁለት ሽቦው ኮንትሮለር እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።