የአያቶቻችንን ድንጋይ ላነበቡልን አዛውንት

ሰላም ለሁላችሁ። በእንጦጦ ግርጌ፣ በአንድ አጥቢያ ግቢ ውስጥ ያለውን የቤተሰባችንን መቃብር ላደሱልን ድንጋይ ጠራቢ ምስጋናዬን በአደባባይ ማድረስ ስለፈለግኩ ነው የምጽፈው። «ስሜን አታውጪው» ስላሉኝ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ሥራ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

መቃብራችን ትንሽ ናት፤ አጥሩ ሥር ሰባት ድንጋይ። አራቱን እናውቃቸዋለን፦ አያቴ፣ ባሏ፣ አጎቴ፣ አምና ደግሞ እናቴ። ሦስቱ ግን ከሁሉም ያረጁ፣ ጎን ለጎን የቆሙ፣ ከጉልበት የማያልፉ ናቸው። እናቴም «የእማዬ ሰዎች ናቸው» ከማለት በቀር ስለ እነሱ የምታውቀው አልነበረም።

ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ ቀጥረን፣ የሦስቱንም ግርጌ በሲሚንቶ ደፍኖ፣ ላያቸውን ነጭ ቀለም ቀብቶ ሄደ። ያኔ ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ የባሕር ዛፉ ሥር መካከለኛውን ድንጋይ ገፍቶ አጋደለው፣ ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ የገባው ውሃ መውጫ አጣና ድንጋዩ ከታች መላላጥ ጀመረ።

የእናቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ ሐውልት ሠሪዎችን አነጋገርን። ሁሉም «አሮጌዎቹን አንሡና አንድ ግራናይት እናቁምላችሁ» አሉን። ጋሼ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት መሬት ላይ ቁጭ ብለው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ይሄ አይጣልም የኔ ልጅ፤ ጽሕፈት አለው» አሉኝ። እኛ እኮ ስንት ዓመት ስንሳለመው ጽሕፈት እንዳለው አላየንም።

ሥራ የጀመሩት የሰበካ ጉባኤውን ፈቃድ በጽሑፍ ካየሁ በኋላ ነው ብለው ነው። አሲድ አይነኩም፤ «አሲድ ቆሻሻውን ሳይሆን ድንጋዩን ነው የሚበላው» ይላሉ። ቀለሙንና ሻጋታውን በውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽና በቀርከሃ ስንጥር አራት ቀን ሙሉ አስለቀቁ። ሲሚንቶውን በትንሽ መሮ ከጠርዙ እየፈለቀቁ አነሡት፤ አንድ ጊዜ ትንሽ ስባሪ ከድንጋዩ ጋር ሲነሣ መሮውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና በማግስቱ ቦታው መለሱት።

አምስተኛው ቀን ጠዋት ደውለው «ፀሐዩ ሳይጠነክር ነይ» አሉኝ። የመላጫ መስታወታቸውን ይዘው የጠዋቱን ብርሃን ከጎን ወደ ድንጋዩ ሲመልሱት፣ በፊት ለጥ ያለ የሚመስለው ፊት ላይ ፊደል በጥላው ብቅ አለ። ሲሚንቶ ሸፍኖት የኖረው የመጨረሻው መስመር ከሁሉም ይነበባል። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፦ «ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፲፩ ዓመተ ምሕረት»። ሁለቱ አጫጭር ድንጋዮች ላይም ወሩና ዓመቱ አንድ ነው፤ ቀናቸው ብቻ ይለያያል። በትልቁ ላይ «ከልጆቿ ጋር» የሚል አለበት።

ኅዳር 1911 የኅዳር በሽታ ወር ነው። ዓለም የስፓኝ ጉንፋን የሚለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሰው በሺዎች ያለቀበት፣ ቀባሪ የታጣበት፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው የተረፉበት ወር። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

አያቴ አክስቷ ቤት እንዳደገች እናውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ሲመጣ እሳቱን የምታነድደው እሷ ነበረች፤ ሌላ ሰው አታስነካም። አጠገቡ ቆማ እንባዋ ይወርዳል፤ እኛ ልጆቹ ጭሱ ነው ብለን ውሃ እናመጣላት ነበር። ያን ጠዋት ድንጋዩ ሥር ተቀምጬ ቆጠርኩ። እናቷና ሁለት ወንድሞቿ ባለቁበት ወር አያቴ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች።

ጋሼ ድንጋዮቹን እዚያው በነበሩበት አቆሟቸው። ዐፅም አልተነካም፤ ሥሩንም ሳይቆርጡ በጠጠርና በኖራ አስተካክለው ነው የተከሉት። ኖራው ውሃውን እንደሚያስተነፍስ፣ ሲሚንቶ ግን እንደሚያፍነው አስረድተውኛል። ያልጠፋ ፊደል ላይ መሮ አላሳረፉም፤ የጠፋውንም በግምት አልሞሉም። በመጀመሪያው ቀን የነገሩንን ዋጋ መጨረሻም ላይ ያንኑ ነው የተቀበሉት።

አሮጌ መቃብር ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ «አፍርሰህ አዲስ ሥራ» ብላችሁ ገንዘብ ልትልኩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እሳቸው ይዩት። ክረምት ላይ አይሠሩም፣ ኖራው አይደርቅም ይላሉ፤ ከመስከረም በኋላ ያዟቸው። ይዘገያሉ፣ እሱን እወቁት።

ሦስቱም ድንጋዮች ላይ የተጻፈው የክርስትና ስም ነው። እስከ አሁን ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ለእነሱ የምንሰጠው ስም አልነበረንም። ለመጪው ኅዳር ስማቸውን በወረቀት ጽፈን ሰጥተናል። ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል።