አባቴን «እርስዎ» ብላ ላናገረችው ባለሙያ

ይህ ጽሁፍ ለአንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ምስጋና ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጠራው ጠይቃኛለችና አልጠራውም። ግን ቤታችሁ ውስጥ በስትሮክ ምክንያት ንግግር የጠፋበት ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አባቴን ስትሮክ የመታው በአንጎሉ ግራ በኩል ነው። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ንግግሩ ጠፋ። የቀረችው አንዲት ቃል «አይ» ነበረች። ውሃ ትፈልጋለህ? «አይ።» ውሃውን ስንመልሰው ይቆጣል። በምን? በ«አይ»!

ከዚያ በኋላ የዞርንባቸውን ቦታዎች ስም አላነሳም። የሆነውን ግን እናገራለሁ፤ ምሬቱ ገና አልወጣልኝም። አንዱ ጋ አባቴን ቀና ብለው እንኳን ሳያዩት ከኔ ጋር ብቻ አውርተው «አእምሮው ተነክቷል፣ ምንም አይገባውም» አሉ። እዚያው፣ ጆሮው ሥር። ሌላው ጋ ደግሞ መስማት የተሳነው ይመስል ይጮሁበታል። ያውም «አንተ» እያሉ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። አንድ ቀን ተናዶ ጥርት ያለ ስድብ ሲያመልጠው «አያችሁ፣ ሲፈልግ ይናገራል፤ እልኸኛ ስለሆነ ነው» ተባልን። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። የማይገባው ሰው እንዲህ ያለቅሳል እንዴ ብዬ ብጠይቅ ማን ይስማኝ።

እሷ ጋ ስንሄድ መጀመሪያ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔን ሰላም ብላ ወደ እሱ ዞረች። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ቃሉ እምቢ ብሎዎት ነው እንጂ ሐሳቡ አለ። አንቸኩልም» አለችው። አዎ ለማለት የግራ አውራ ጣቱን ወደ ላይ፣ አይደለም ለማለት ወደ ታች እንዲያደርግ አሳየችው። ከዚያ ሰዓቷን ከእጇ ፈታች፤ «ይሄ ማንኪያ ነው?»

አባቴ እሷን አየ። ሰዓቱን አየ። ሳቀ! ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። አውራ ጣቱም ወደ ታች። «ማክሰኞ ከሰኞ ቀድሞ ነው የሚመጣው?» ወደ ታች። «ይቺ ልጅዎ ናት?» ወደ ላይ። እኔ ነኝ ወደ ውጭ ወጥቼ ያለቀስኩት።

ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት አንድ ነገር ነገረችን፤ «አይ» የምትለዋን ቃል ትታችሁ ዜማዋን ስሙ አለች። ለአብዛኛው ሰው ቃልና ሰዋስው በዋናነት የአንጎል የግራ ክፍል ሥራ ነው። ቁጣውን፣ ልመናውን፣ ግርምቱን የሚሸከመው የድምፅ ዜማ ግን በብዛት የቀኙን ይፈልጋል። የአባቴ ቀኝ ደህና ነው። ለካ ሲያናግረን ነው የከረመው! የምትለምን «አይ» ነበረች፣ የምትቀልድ «አይ» ነበረች።

ስለ ስድቡ ስነግራት ሳቀች። ቁጥር መቁጠር፣ ጸሎት፣ ስድብ፣ በልማድ አብረው የሚወጡ ቃላት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ አለች። እልህ አይደለም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር አባቴ ያን ያህል አይዋረድም ነበር።

ለአባቴ ራሱ ደግሞ ታሪክ አወራችው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም ያየው ሰው ነበር፤ «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር ብዙም አይወጣውም፤ ሰዎችም ታን ይሉት ነበር። የሚሉትን ግን በደንብ ይረዳል። አባቴ «አይ፣ አይ፣ አይ» አለ፤ የግርምቷን። የታሪኩን መጨረሻ በኋላ ራሴ አነበብኩት። ሰውየው ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን ከፊት በግራ በኩል አገኘው፤ ስለ ንግግርና ስለ ግራ አንጎል የሚወራውም ከዚያ ወዲህ ገነነ።

ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ አትጠይቁኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ። በወጣትነቱ የሚወደውን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረች፣ የግራ እጁን ይዛ በምቱ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገች። አባቴ ተከተላት። በግጥሙ! ከዚያ ዜማውን ሳትለቅ ዘፈኑን በ«ውሃ ስጡኝ» ተካችው። ቀስ በቀስ ዜማው ቀነሰ፣ ቃሉ ቀረ።

እዚያው አንዲት እናት ይታከሙ ነበር። የሳቸው የተጎዳው ቀኙ ነው፤ ቋንቋቸው ሙሉ ነው፣ ግራቸው ያለውን ዓለም ግን ልብ አይሉትም። ከሳህናቸው የቀኙን ግማሽ በልተው «ጨረስኩ» ይላሉ። ልጃቸው በግራ ሲቀመጥ አያዩትምና «ተቀየመችኝ» ይል ነበር፣ ምስኪን። ዓይናቸው ጤነኛ ነው፣ ጎደሎው ትኩረት ነው ብላ አስረዳችው። መጀመሪያ በቀኝ በኩል ቀርቦ እንዲያናግራቸው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ግራ እንዲስባቸው ነገረችው። ሲያነቡ ደግሞ በገጹ ግራ ጠርዝ ቀይ መስመር ታሰምርላቸዋለች፤ መስመሩን ሳያገኙ ማንበብ አይጀምሩም።

አንድ ዘመዳችን «አሁን በቀኝ አንጎሉ ስለሚኖር ሰዓሊ ይሆናል?» ብሎ ጠየቃት። ሳትስቅበት መለሰችለት፤ ግራ አንጎል ያለው ሰውና ቀኝ አንጎል ያለው ሰው የሚባል ክፍፍል የለም፣ ጤነኛ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚሠራባቸው አለችው። እኔ ብሆን እንዲህ አልታገስም።

አባቴ ድኖ አልጨረሰም። አሁን ሁለት ሦስት ቃል ይቀጥላል፤ «በር… ብርድ» ይላል፣ ተነስቼ በሩን እዘጋለሁ። ትናንት ስለ ዜና ተከራከርን። አሸነፈኝ ማለት ይቻላል።

እባካችሁ፣ «ምንም አይገባውም» ብሏችሁ የሚያሰናብታችሁ ሰው ካጋጠማችሁ እዚያ አትቁሙ። እሷን ለማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ወረፋ አለባት፣ ግን ጠብቋት፤ ያዋጣል። ከመሄዳችሁ በፊት በሽተኛው በየትኛው እጁ ይጽፍ እንደነበር አጣሩ፤ ግራኝ ከሆነ ቋንቋው በሌላው በኩል ወይም በሁለቱም የመሆን ዕድሉ ከፍ ስለሚል መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ቀጥላ የምትጠይቀው የሚወደውን ዘፈን ነው። ግጥሙን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።