ካሎሪ የማይጠይቅ የምግብ ማስታወሻ አፕ፦ ከ4 ወር በኋላ

ስሙን አልጠራውም። ለአመጋገብ መዛባት ተብሎ የተሠራ አፕ ነው፤ 4 ወር ስልኬ ላይ ቆይቷል። የኔ ጣጣ ቀኑን በባዶ ሆድ ውዬ ማታ ልጓም በጥሼ መብላት ነው። ባለሙያዎች ቢንጅ ኢቲንግ ይሉታል። በአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ የሰፈረው ገና እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ስለዚህ እስካሁን "ሆዳምነት ነው" የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ አልፈርድበትም። እሺ፣ ትንሽ እፈርድበታለሁ።

አፑ ሥራው ቀላል ነው። በበላችሁ ቁጥር ምን፣ የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ስሜት እንደበላችሁ ትጽፋላችሁ። ካሎሪ አይጠይቅም፣ ኪሎም አይጠይቅም። ለዚህ ብቻ እንኳ ላመሰግነው እችላለሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት የሞከርኳቸው የምግብ አፖች ሁሉ ቁጥር እያሳዩኝ ይብሱኑ ያሳብዱኝ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦክስፎርድ ላይ ክሪስቶፈር ፌርበርን ካዳበሩት የንግግር ሕክምና የተወሰደ ነው፦ የበሉትን እዚያው መጻፍ፣ ደግሞም በሰዓቱ መብላት። 3 ዋና ምግብ፣ በመሃል 2 ወይም 3 መክሰስ፣ በጣም ቢራራቅ በ4 ሰዓት ልዩነት።

በሦስተኛው ሳምንት ይሆናል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ፍሪጅ ከፍቼ ቆሜያለሁ። በሩ ክፍት ስለቆየ ቲን ቲን እያለ ይጮሃል። በአንድ እጄ ብስኩት፣ በሌላው ስልክ። "ስሜት" የሚለው ሣጥን ላይ "ምንም" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። "ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ወደ ኋላ እየሄድኩ ሳነብ፣ ልጓም የበጠስኩባቸው ማታዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ምሳ የዘለልኩባቸው ቀናት ናቸው። ስንት ዓመት የወኔ ማነስ ነው ስለው የኖርኩት ነገር የምሳ ጉዳይ ሆኖ አረፈው።

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1944 በተጀመረው የረሃብ ጥናት የገቡት 36 ሰዎች ጤነኛ ወጣት ወንዶች ነበሩ። 24 ሳምንት ምግብ ሲቀነስባቸው ቀንም ሌትም ስለ ምግብ ማሰብ ጀመሩ፤ እንደልብ ብሉ ሲባሉ ደግሞ አንዳንዶቹ ማቆም አቃታቸው። ይህን ሳነብ ትከሻዬ ላይ የነበረ ሸክም ወረደ።

ግን አፑን አፕ ያደረገው ሰው ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ የሠለጠነች ረዳት ማስታወሻዬን አንብባ አጠር ያለ መልእክት ትልክልኛለች። አንዴ "ቅዳሜ ምሳ ላይ ማን ነበር አብሮ የበላው?" ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያም ቢንጅ ኢቲንግ ወይም ቡሊሚያ (ከልክ በላይ በልቶ በማስመለስና በመሳሰለው ለማካካስ መሞከር) ላለባቸው ጎልማሶች መጀመሪያ የሚሰጣቸው በሰው የታገዘ ራስን የመርዳት ፕሮግራም እንዲሆን ይመክራል፤ ከ4 እስከ 9 የሚደርሱ የ20 ደቂቃ አጭር ቆይታዎች አሉት። ለአኖሬክሲያ (ውፍረትን በመፍራት ራስን ማስራብ) ግን አይደለም። ራሱን የሚስት፣ ልቡ የሚመታበት፣ የሚያስመልስ ወይም በፍጥነት የሚከሳ ሰው አፕ ሳይሆን ሐኪም ጋ ይሂድ፤ በማስመለስ ደም ውስጥ ያለው የፖታሲየም ማዕድን ሲወርድ ጉዳቱ ልብ ድረስ ይደርሳል።

በሦስተኛው ወር አፕዴት መጣና ረዳቷ ጠፋች። በእሷ ቦታ ቻትቦትና በተከታታይ ለጻፈ የምትበራ የእሳት ምልክት ገቡ። "ዛሬም ምሳ ዘለልኩ" ብዬ ጻፍኩ። እሳቷ በራች። "ጎበዝ! 12 ቀን ሳይቋረጥ!" አለኝ።

ስቄ ማለፍ እችል ነበር፣ ግን ነገሩ ለሌላ ሰው አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካው የአመጋገብ መዛባት ማኅበር ኔዳ ሰው የሚመልስበትን የስልክ የእርዳታ መስመሩን ሊዘጋ በነበረበት ሰሞን ቴሳ የተባለ ቻትቦቱ ለተጠቃሚዎች ካሎሪ ስለመቀነስ ሲመክር ተገኝቶ እንዲወርድ ተደርጓል። ያውም በአመጋገብ መዛባት ስም በቆመ ድርጅት ገጽ ላይ!

ለድርጅቱ ጻፍኩ። "አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው" የሚል መልስ በ2 ሴኮንድ መጣልኝ። ማን እንደጻፈው መገመት አያቅትም።

ኮከብ እንስጥ ከተባለ ለማስታወሻው 4፣ ለረዳቷ 5፣ ለእሳቷ ባዶ። ክፍያዬን አቋርጫለሁ። አሁን ተራ ደብተር ላይ አራት መስመር አስምሬ እጽፋለሁ። እሱ ቢያንስ ምሳ ስዘል ጎበዝ አይለኝም።