ባለ ድንጋይ ሳውና፣ ስቲም ባዝ ወይስ ኢንፍራሬድ?

ሳውና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ዲግሪ ይደርሳል?" ብሎ ነው። ዲግሪው ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ምድጃ ላይ በጋለ ድንጋይ የሚሞቀው የፊንላንድ ሳውና 80 እና 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶም ሰው ተረጋግቶ ይቀመጥበታል፤ በእንፋሎት የሚሞላው ስቲም ባዝ ግን በ45 ዲግሪ ያስጨንቃል። ልዩነቱ እርጥበት ነው። አየሩ በእንፋሎት ሲሞላ ላብ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ስቲም ባዝ ውስጥ ገላ ላይ ከሚንቆረቆረው ብዙው ደግሞ ላብ ሳይሆን ወደ ውሃ የተመለሰ እንፋሎት ነው።

ከሦስቱ የምንመርጠው ባለ ድንጋዩን ነው፤ በትክክል ከተሠራ። ለምድጃው ጉልበት የተለመደው ስሌት ለ1 ሜትር ኪዩብ ክፍል 1 ኪሎዋት ያህል ነው። መስታወት ወይም ያልተሸፈነ የግንብ ግድግዳ ካለ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ1 ሜትር ኪዩብ በላይ ተጨምሮ ይታሰባል። ይህ ሲዘነጋ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ቢነድ እንኳ ክፍሉ አይሞቅም። 6 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሆኑት አብዛኞቹ ምድጃዎች ሦስት ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) ስለሚፈልጉ፣ ከግዢው በፊት ኤሌክትሪሺያን ቆጣሪውንና መስመሩን ይይ።

"ምድጃው ደከመ" የሚባለው ብዙ ጊዜ የድንጋዩ ጥፋት ነው። ድንጋይ ተጠቅጥቆ ሲደረደር አየር በመሃሉ አያልፍም፤ ማሞቂያው ብረትም ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል። ትላልቁን ከታች፣ ትናንሹን ከላይ፣ ሁሉንም ላላ አድርጎ መደርደር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ የተፈረፈረውን መጣልም ያስፈልጋል። ውሃ የሚረጨው በጭልፋ ጥቂት በጥቂት ነው። ከድንጋዩ የሚነሳው ትኩስ እንፋሎት ለስለስ ብሎ ከመጣ ድንጋዩ በደንብ ግሏል፤ ውሃው ሳይተን ወደ ታች ከፈሰሰ ገና ነው።

መቀመጫውን ሻጮች ብዙም አያነሱትም፤ እኛ ግን ከምድጃው ቀጥሎ የምናየው እሱን ነው። ከላይኛው አግዳሚ እስከ ኮርኒሱ ያለው ርቀት 110 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ እግር የሚያርፍበት ደግሞ ቢቻል ከድንጋዩ አናት በላይ ይሁን። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ አግዳሚው ዝቅ ያለበት ሳውና ውስጥ ራስ ሲለበለብ እግር ይቀዘቅዛል። ተገጣጥመው የሚሸጡ አጫጭር ሳውናዎች ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

ስቲም ባዝ የደረቀ አፍንጫና ጉሮሮ ለጊዜው ያለሰልሳል። ኮርኒሱ ዘመም ካላለ የቀዘቀዘ ጠብታ ጀርባ ላይ ይወርዳል፤ የእንፋሎት ማመንጫው ከውሃው ነጭ ዝቃጭ በየጊዜው ካልጸዳ ይደፈናል፤ ከተጠቀሙ በኋላ ክፍሉ ካልተናፈሰ ይሻግታል።

ኢንፍራሬድ የሚያሞቀው አየሩን ሳይሆን ገላን ነው። ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ይሠራል፤ ትንሹ በተራ ሶኬት ይሰካል፤ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ዝግጁ ይሆናል። ከፍተኛ ሙቀት ለማይችል ሰው መልካም ነው። ሙቀቱን የሚያመነጨው ፓነል ከጀርባ ብቻ ከሆነ ግን ደረትና ባት ቀዝቃዛ ይቀራሉ። "ጨረሩ ብዙ ሴንቲ ሜትር ወደ ሥጋ ይዘልቃል" የሚለውን አትመኑ፤ ረጅሙ የኢንፍራሬድ ሞገድ የሚቀረው ቆዳው ላይ ነው።

ስለ ጤና ጥቅሙ በብዛት የሚጠቀሰው በ2015 የታተመው የፊንላንድ ጥናት ነው። 2,315 መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች ለ20 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ከሚገቡት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሞት የሚሞቱት አነስተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ጤነኛ ሰው መጀመሪያውኑ አዘውትሮ ሊገባ ይችላል። የተጠናውም ባለ ድንጋዩ ሳውና ስለሆነ ውጤቱን ለኢንፍራሬድ ማስታወቂያ መዋስ አግባብ አይደለም። "መርዝ ያስወጣል" የሚባለውም እንዲሁ፦ ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፤ ያን ሥራ የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የቀነሰው ኪሎም ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል።

ለጀማሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ወጥቶ መቀዝቀዝ፣ ውሃ መጠጣት፣ ከዚያ መድገም። አልኮል ጠጥቶ መግባት አደገኛ ነው። በቅርቡ የልብ ድካም የደረሰበት፣ ዕረፍት ላይ ሳለ ደረቱን የሚያመው ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

ከመክፈላችሁ በፊት በሩን ሞክሩት። ወደ ውጭ መከፈትና ያለ ቁልፍ በግፊት ብቻ መለቀቅ አለበት፤ ውስጥ ራሱን ያዞረው ሰው እጀታ የሚያዞርበት አቅም አይኖረውም።