ባለ አጥንት የበግ ታፋ በጠረጴዛ ኦቨን፦ በበዓለ ሃምሳ ሦስት ጊዜ ሞክሬው

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ደብረ ማርቆስ የጠረጴዛ ኦቨን ገዛሁ። 45 ሊትር ነው፣ 2000 ዋት ይላል፣ ከላይም ከታችም ይሞቃል፣ ሁለት ትሪና አንድ ፍርግርግ አለው። ብዙ ሰው "እንዴት ነው? ይገዛል?" እያለ ስለሚጠይቀኝ የደረሰብኝንም ያገኘሁትንም ልጻፈው።

የገዛሁት ለአንድ ነገር ነው። የበግ ታፋ ሳይከተፍ፣ ከነአጥንቱ፣ እንዳለ ጠብሼ ለቤተሰብ ራት ማቅረብ እፈልግ ነበር። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ አሮስቶ ሲባል የበላሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር። እኛ ጋ በግ ሲታረድ ወዲያው ይከተፋል። ጥብሱ ለብቻ፣ ወጡ ለብቻ፣ ቅልጥሙ ለቅቅል። ታፋው ሙሉውን ትሪ ላይ ተጋድሞ ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

በሁዳዴ ዳቦና ድንች ብቻ ጋገርኩበት። ዳቦው ከታች ሳይበስል ሲቀር ጥርጣሬ ገባኝ፤ ግን ሊጡ ነው ብዬ አለፍኩት። ጾሙ ሲፈታ ዋናው ሙከራ ተጀመረ። በዓለ ሃምሳ ለእንዲህ ያለው ሥራ ምቹ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም በተመቸኝ ቀን መሞከር ቻልኩ።

ከኦቨኑ ጋር የመጣው መመሪያ ደብተር ውስጥ ትልቁ የምግብ አሠራር ባለ አጥንት የአሳማ ሥጋ ጥብስ ነው። እኛ ቤት አሳማ አይገባም፣ ጎጃም ውስጥም ብዙ ቤት እንደዚያው ነው። ገጹን ግን አልዘለልኩትም። ሥጋው ይለያይ እንጂ ከነአጥንቱ የሚጠበስ ትልቅ ሥጋ ጠባዩ ይመሳሰላል። እዚያ ላይ የሥጋው መሀል 63 ዲግሪ ሲደርስ አውጥቶ ቢያንስ 3 ደቂቃ ማሳረፍ ይላል። ይህ ቁጥር ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለአሳማ 71 ዲግሪ ይል የነበረውን በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ 63 አውርዶ ከበሬና ከበግ ጋር እኩል አድርጎታል። ይህ ላልተፈጨ ሥጋ ነው፤ ለተፈጨ 71 ነው። ስለዚህ ለበጌም ያው ቁጥር ይሠራል ማለት ነው። ከጤና አንጻር እንጂ ከጣዕም አንጻር ግን እኛን አያስማማንም፣ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ወርች ነበር። 180 ላይ አድርጌ፣ ደብተሩ እንዳለው በኪሎ ሰዓት ቆጥሬ አወጣሁ። ላዩ ወርቅ መስሏል። ቢላ ስሰድበት አጥንቱ ጋ ያለው ሥጋ ገና ጥሬ ነው፣ ቀይ ውኃ ይወጣዋል። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ እኔ ግን ከፋኝ። ከትፌ ድስት ላይ ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ኬክ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ፍርግርግ ላይ የሚንጠለጠለውን ክብ ቴርሞሜትር ያዋሰችኝ። ኦቨኑን ባዶውን 180 ላይ አድርገን ግማሽ ሰዓት አሞቅነው። በመስታወቱ ስናየው 150 ነው። ትንሽ ጠብቀን ብናይም 155 አልሞላም። 210 ላይ ስናደርገው ነው 180 የደረሰው። ቁልፉ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሙቀት በ30 ዲግሪ ይለያያሉ ማለት ነው። የዳቦዬም ችግር ሊጡ እንዳልነበር ያን ቀን ገባኝ።

ሱቁ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ነገሩ የአንድ ሱቅ ጠባይ ብቻም አይመስለኝም። "ስትወስጂው ተሞክሯል፣ ከሱቅ ከወጣ አይመለስም" ተባልኩ። የተሞከረው ግን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ጠቋሚ መብራቱ መብራቱ ብቻ ነበር። አንድ ዓመት ዋስትና ያለው ወረቀት በእጄ ይዣለሁ፤ ወረቀቱ ማሞቂያው ከተቃጠለ ብቻ ነው አሉኝ። ይህ ትክክል አይደለም። ሰው ኦቨን የሚገዛው ለሙቀቱ ነው፣ ሙቀቱን የማይጠብቅ ኦቨን ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ ነው። እባካችሁ ስትገዙ ቢያንስ ሩብ ሰዓት አስሞቁት፣ ከተቻለም ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢያጉረመርምም ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ሌላም የማስጠነቅቀው አለ። 2000 ዋት በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። እኔ መጀመሪያ የስልክ ቻርጀርና ቴሌቪዥን የምንሰካበት ዲቫይደር ላይ ነበር የሰካሁት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ገመዱን ስነካው ያቃጥላል። ወዲያው ነቀልኩት። አሁን ግድግዳው ላይ በወፍራም ገመድ ለብቻው ሶኬት አስገጥሜለታለሁ፣ እሱ ሲሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ አልለኩስም። ይህን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሩት።

ሥጋው ውስጥ የሚወጋው ባለ መርፌ ቴርሞሜትር ደግሞ ለብቻው የገዛሁት ነው። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ከኦቨኑ በላይ የረዳችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ የፈላ ውኃ ውስጥ ከትቼ ስሞክራት 92 አለችኝ፤ 100 ማለት አልነበረባትም ወይ ብዬ ተበላሽታለች ብዬ ነበር። አልተበላሸችም። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በረዶ ባለበት ውኃ ዜሮ ካለች ደህና ናት። ቅቅል እኛ ጋ ቆላ ካሉት ይልቅ ረጅም ሰዓት የሚፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ አላረዝመውም፤ ጥሩ ነበር፣ ግን ደረቀ። ሳልሸፍነው ስለጠበስኩት ነው።

ሦስተኛው የራቱ ቀን ነው። አማቼ ከብቸና መጡ፣ የባለቤቴ እህቶችም ከነልጆቻቸው፣ አሥራ አንድ ሰው ሆንን። በጉ ዋሸራ ነው፤ የኛው የጎጃምና የአዊ በግ፣ ቀንድ የሌለው፣ ቡናማ፣ ላቱ ሰፊ። ሙክት ስለነበር ታፋው ብቻ 2 ኪሎ ተኩል መዘነ። ያረደልን ልጅ መጥረቢያውን አንስቶ ሊከፍለው ሲል "ተው ተው፣ እንዳለ ተወው" ብዬ አስጣልኩት። ግራ ገባው። እግሩ ትሪው ላይ እንዲገባ ብቻ የቅልጥሙን ጫፍ ቆረጠልኝ።

ከዋዜማው ጀምሮ ነው ያዘጋጀሁት። ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ደረቀ። እርጥብ ሥጋ ኦቨን ሲገባ በእንፋሎቱ ይቀቀላል እንጂ ቶሎ አይጠበስም፣ ስለዚህ ማድረቁን አትዝለሉ። በቢላ ጫፍ አሥራ አምስት ቦታ ያህል ወጋ ወጋ አድርጌ በየቀዳዳው ነጭ ሽንኩርትና አንዳንድ ዘንግ የጥብስ ቅጠል ሸጎጥኩ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና ትንሽ ኮረሪማ በዘይት ለውሼ ሁሉንም ቦታ አሸሁት። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አደረ። በማግስቱ ከመግባቱ አንድ ሰዓት በፊት አወጣሁት።

አሁን የምነግራችሁ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነው። ከላቱ በጣት ውፍረት አራት ቁራጭ ቆርጬ ታፋው ላይ ደረደርኩ። ከፍርግርጉ ሥር ያለው ትሪ ላይ የእንጅባራ ድንች ለሁለት ለሁለት ከፍዬ አነጠፍኩ። ኦቨኑ ሲሞቅ ላቱ ቀስ እያለ መስታወት መሰለ፣ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ። ጠብታው በታፋው ጎን እየወረደ፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርቱን ይዞ ድንቹ ላይ ጠብ ሲል ቸስ እያለ ይጮኻል። በመስታወቱ በኩል ቆሜ አየሁት። የሰፈሩ ልጆች በመስኮት "ምን እየሠራችሁ ነው?" እያሉ ጠየቁ፤ ሽታው ግቢውን አልፎ ወጥቷል።

ሙቀቱ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በጓደኛዬ ቴርሞሜትር 220፣ ላዩ እንዲይዝ። ከዚያ በፎይል ሸፍኜ ወደ 160 አወረድኩት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። ልቤ ድንግጥ አለ፣ ሰው ሊመጣ ነው። ከሰል ለማቀጣጠል ተነሳሁ፣ ግን በሩን አልከፈትኩም። ይህ ኦቨን ላይ የምመሰክርለት ነገር ነው፦ መብራቱ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ውስጡ ገና 120 ነበር። በሩ ድርብ መስታወት ነው፣ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፣ ሙቀቱን ይይዛል። በሩን እየከፈቱ ማየት ነው ጠላቱ።

መርፌዋን የወጋሁት ወፍራሙ ቦታ ላይ ነው፣ አጥንቱን ሳትነካ። አጥንት ከነካች የተሳሳተ ቁጥር ትሰጣችኋለች፤ ገታ ሲላችሁ ትንሽ ወደኋላ ሳቧት። ደብተሩ 63 ይበቃል ይላል። 63 ላይ ግን ሥጋው ውስጡ ገና ቀላ ያለ ነው። የኛ ሰው የበሬ ቁርጥ ጥሬውን በአዋዜ ይበላል፤ የበግ ጥብስ ውስጡ ቀይ ሆኖ ቢቀርብለት ግን እጁን ይሰበስባል። ታፋ ደግሞ ጅማት አለው፣ ጅማቱ እንዲቀልጥ ቀስ ያለና ረዘም ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ 85 ድረስ ጠበቅሁት። ተሸፍኖ ስለነበረና ላቱ ስላለበሰው አልደረቀም። አውጥቼ ከነፎይሉ ሃያ ደቂቃ አሳረፍኩት። ወዲያው ብትቆርጡት ውኃው ሁሉ ትሪው ላይ ይፈሳል።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገበታው ቀረበ። ታፋው መሀል፣ ድንቹ ዙሪያውን፣ ሰናፍጭና አዋዜ በጎን፣ እንጀራው ከሥር። አማቼ ባርከው ቢላውን አነሡ። አጥንቱን በግራ እጃቸው ይዘው ቢላውን ሲያሳርፉበት ሥጋው ራሱ ለቀቀላቸው፣ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። ዝም ብለው አጥንቱን አዩት። ከዚያ አንድ ጉርሻ ወስደው "ልጄ፣ ይኸ እኮ ጥርስ አያስፈልገው" አሉኝ። እሳቸው በቀላሉ የሚያመሰግኑ ሰው አይደሉም። የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ቆይቷል፣ ጥብስ ሲቀርብ መረቁን ብቻ የሚፈልጉ ነበሩ። ያን ምሽት ሁለት ጊዜ ተጨመረላቸው። "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ" ብዬ ሦስተኛውን ሳጎርሳቸው አልተግደረደሩም።

ልጆቹ ድንቹን ጨረሱት። ቅልጥሙን ሰባብረን መቅኔውን ለአማቼ ሰጠናቸው።

እንግዲህ ስለ ዕቃው ያለኝን ልንገራችሁ። ቁልፉ የሚናገረውን አትመኑት፣ በራሳችሁ ቴርሞሜትር ለኩት። ፍርግርጉ ከ3 ኪሎ በላይ ሲጫንበት ጎበጥ ይላል። ውስጡን መብራት ስለሌለው ማታ ሥጋውን ለማየት ባትሪ ያስፈልጋል። የቅባቱን ትሪ ከሥር ስታወጡት ይጠማዘዛል፣ ትኩስ ሞራ እጅ ላይ እንዳይፈስ በሁለት እጅ ያዙት፣ ልጅ በአጠገብ አይኑር። በሩ፣ መስታወቱና ማሞቂያው ግን ጠንካራ ናቸው፤ እስካሁን ምንም አልሆኑም። ለሁለት ሰው ቤት ከሆነ አትግዙት፣ ድስትና ከሰል ይበቃችኋል። ቤታችሁ ሰው የሚበዛበት ከሆነና ከነአጥንቱ መጥበስ ከፈለጋችሁ ግን ግዙት፣ መርፌ ቴርሞሜትሯንም አብራችሁ።

እኔ ሙቀት መቆጣጠሪያውን የሚያስተካክል ባለሙያ እየፈለግሁ ነው። ማርቆስ ውስጥ የሚሠራ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ከጾመ ሐዋርያት በፊት አንድ ወርች ቀርቶኛል።