ቦዘንዶርፈር ኢምፔሪያል፦ ዝናው ልክ ነው ወይ?
ትልቅ ስም ያለው ዕቃ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ እጠራጠራለሁ። የኦስትሪያው ፒያኖ ሠሪ ቦዘንዶርፈር ደግሞ ስም አይቸግረውም። ኢግናዝ ቦዘንዶርፈር ቪየና ውስጥ ፒያኖ ቤቱን የተረከበው በ1828 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በሁለት ዓመቱ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ፒያኖ ሠሪ ተባለ። በየኮንሰርቱ ፒያኖ ይሰባብር የነበረው ዝነኛው ፒያኒስት ፍራንዝ ሊስት እንኳ የሱን ፒያኖ አልቻለውም ይባላል።

ይሁን፣ ይሄ የካታሎግ ወሬ ነው። ትልቁ የኮንሰርት ሞዴላቸው ኢምፔሪያሉ ጋ ስትቀመጡ ዓይናችሁ የሚሄደው ወደ ግራው ጫፍ ነው። የተለመደው ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ይሄ 97። ትርፎቹ ዘጠኙ ሁሉም ጥቁር ናቸው፣ እጅ እንዳይሳሳት። ሐሳቡ የጣሊያናዊው ፒያኒስትና አቀናባሪ ፌሩቾ ቡዞኒ ነው፤ ባኽ ለቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የጻፋቸውን ሥራዎች ለፒያኖ ሲያዘጋጅ የኦርጋኑን ወፍራም ድምፅ ፈልጎ።

እውነቱን ለመናገር፣ ትርፎቹን ቁልፎች ራሳቸውን ስትመቷቸው ብዙም አያስደስቱም። የመጨረሻው ከኖታ ይልቅ ጉርምርምታ ነው። ጥቅማቸው ሌላ ነው። የቀኙን ፔዳል ረግጣችሁ መሃል ላይ አንድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ምቱ። ማንም ያልነካቸው ረጃጅም ክሮች አብረው ይንቀጠቀጣሉ፣ ድምፁም ከሥር ይሞላል። ጉዳቱ ግራ እጅ ላይ ነው፤ የለመድነው ጠርዝ ስለሚርቅ ወደ ታች ስንዘል እንስታለን።

ለኔ ግን ዋናው ነገር ሣጥኑ ነው። ሌላው ስመ ጥር ፒያኖ ሠሪ ስታይንዌይ ጎኑን የሚሠራው ጠንካራ እንጨት በስሱ ደራርቦ፣ አጣብቆና አጉብጦ ነው። ቦዘንዶርፈር ለጎኑም ስፕሩስ ይጠቀማል፤ የድምፅ ሰሌዳው የሚሠራበት ያው ቀላል እንጨት ማለት ነው። ሌላ ሰው ሲጫወት መዳፌን ጎኑ ላይ ሳሳርፍ ንዝረቱ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። ጌጥ አይደለም፣ አብሮ ይዘፍናል።

ቀጫጭን ድምፆቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ግን አይጮሁም። ለሹበርት ሙዚቃ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ትልቅ ኦርኬስትራ ካለ ግን ስታይንዌይን ስጡኝ።

ከ2008 ወዲህ ባለቤቱ የጃፓኑ ያማሃ ነው። ጸባዩ ይለወጣል ብሎ የሰጋ ብዙ ነበር። ፒያኖው ግን ዛሬም ቪየና አጠገብ፣ ዊነር ኖይሽታት ውስጥ ይሠራል፤ ድምፁም ያማሃ ያማሃ አይልም።

ኢምፔሪያሉን ለሳሎን ያሰበ ካለ ይተወው። 2.90 ሜትር ርዝመት፣ ከግማሽ ቶን በላይ ክብደት፣ የት ሊገባ? ያንኑ የስፕሩስ ሣጥን ይዘው 88 ቁልፍ ያላቸው አጫጭር ሞዴሎች አሉ። እኔ ገንዘቡ ቢኖረኝ የምወስደው ባለ 200 ሳንቲ ሜትሩን ነው።